የርግቢት የፍሬን ሸራ

ለውድ ወንድሜ ለኤውሎሂዮ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝህ ወገብህ ዘንድሮ ተወት አደረገህ ወይስ እንደ አምናው የቲማቲም ሳጥን ስታነሳ ጎብጠህ ቀረህ? ባለቤትህ ኔሊስ ደህና ናት? ሱቁ እንዴት ነው? ልጆችህ ብሬንዳና ኤድሰን ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? ብሬንዳን ባለፈው በስልክ ሳያት በቁመት ልትበልጥህ ትንሽ ነው የቀራት፤ ድሮም ቁመት አልታደልክም፣ አይክፋህ። የኔሊ እናት ዶኛ ባሲሊያ ዓይናቸውስ ተሻላቸው? የእናንተን ደህንነት ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ ብዕሩም አይታዘዘኝም፤ እንግዲህ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ ልቀጥል።

እኛ ደህና ነን። አባባ ባለፈው ወር ሰማንያ አንድ ሞላቸው። ብርድ ሲሆን እግራቸውን ይጠዘጥዛቸዋል እንጂ ሌላው አካላቸው ከኔ ይሻላል፤ የበሉት ይስማማቸዋል፣ የሰሙትን አይረሱም፣ የተቆጡትንም አይረሱም። እኔም ያው ሽንሽን ቀሚሴን እየሰፋሁ ሐሙስና እሁድ ገበያ አወጣለሁ። ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ላይ መድከም ጀምሯል፤ ጣቴ ግን ዛሬም ጨርቅ ዳብሶ ጥሩውን ከመናኛው ይለያል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ የመኪናዋን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ፣ ደንበኛ መጣ» ትለኛለህ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው አንድ ደንበኛ ነው እንዴ የሚመጣው? ወረቀት ሲሆን ግን መዝጋት አይቻልህም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነባታለህ። የምነግርህ ነገር አለኝ። አደጋው የደረሰበትን ያንን የዩንጋስ ቁልቁለት የሚመለከት ነው፤ በቅደም ተከተል ካልነገርኩህ ግን አይገባህምና ታገሰኝ።

እንደምታውቀው ከሁለት ዓመት ወዲህ ርግቢትን የምነዳት እኔ ነኝ። አዎ፣ ያቺው ነጯ መኪናችን። ከአደጋው በኋላ ዶን ሳቱርኒኖ ፊቷን ቀጥቅጦ አቃናት፣ ሰባራ ሰንጣራዋን ሁሉ አውጥቶ ጣለ፣ ከዚያ ወዲያ ላስቲክ ለብሳ ጓሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆመች። ዶሮዎቼ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። እኔ ነኝ ዶሮዎቹን አባርሬ ያስነሳኋት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ፈታኙ ፖሊስ «እናቴ፣ በዚህ ሁሉ ቀሚስ ውስጥ ፔዳሉን እንዴት ያገኙታል?» አለኝ። «አንተስ በዚያ ቦርጭ መሪውን እንዴት ታገኘዋለህ?» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት፣ እሱም ሳቀና አሳለፈኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ላ ፓስ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ጎማ ሲጥ የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ጥርሴ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛ ቀን ሲብስብኝ መለዋወጫ የምትሸጠው ዶኛ ኢላሪያ ዘንድ ሄድኩ። ጎንበስ ብላ በጎማው ቀዳዳ አየችና «ሸራው አልቋል። የምትሰሚው ድምፅ የቀጭኗ ብረት ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየቧጨረች እንድትጮህ አስበው ነው ያስገቧት» አለችኝ። ይህን ሳትሰማ ቀርተህ አይመስለኝም፣ አንተ ሹፌር ነበርክ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ነገሩ ሳያልቅ በፊት ይጩህ ብሎ አሰበ ማለት ነው። አባባ ላይ ቢያስገቡልኝ እንዴት ጥሩ ነበር፤ እሳቸው እስኪወድቁ ድረስ አመመኝ አይሉም።

ጋራዥ ውሰጃት ስትለኝ ራሴ እቀይረዋለሁ አልኳት። «አንቺ? ብሎኑን በመርፌ ልትፈቺው ነው?» ብላ ሳቀች። ግን ደግ ሴት ናት፤ ካርቶን ላይ ስላ አሳየችኝ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኳት። አንተ አንድ የገና ቀን ጠጥተህ በስልክ ስታለቅስ ያልከኝን አስታውሳለሁ፦ ፔዳሉ ደረቅ ነበር፣ ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ደረቅ ነበር፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም ነበር ያልከኝ። ይህ ምን ማለት ነው ብዬ ኢላሪያን ጠየቅኳት። «ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ነው፣ ወይም አየር ገብቷል። ደረቅ ሆኖ ካልያዘ ግን ሸራው ፊት ላይ ቅባት አለ» አለችኝ፤ ሌላ ደንበኛ ለማስተናገድ እየተጣደፈች እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው።

ወንድሜ፣ ያንን ቀን እንደገና ልጽፈው ነው፤ ይቅር በለኝ። አንተ የምታውቀውንና እኔ አሁን ያወቅሁትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለብኝ። ያኔም ወሩ ነሐሴ ነበር። ጠዋት አዲስ ሸራ ገዝተህ መጣህ። አሮጌውን ፈታህ፣ አዲሶቹን የዱቄት ጆንያ ላይ ደረደርካቸውና ምሳ ልትበላ ገባህ። ከምሳ በኋላ ገጠምካቸው፣ ሰፈሩን በቀስታ ዞርክበት፣ ደህና ነው አልክ። በማግስቱ አባባን ይዘህ ሽንኩርት ጭነህ ወደ ዩንጋስ ወረድክ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አልቆመችም። ገደሉን ሸሽተህ ከተራራው ጋር አጋጨሃት፣ ሁለታችሁም ተረፋችሁ፣ የአባባ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቦነስ አይረስ ገባህ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠህ አታውቅም፣ የዚህን ቤት ደጃፍም ረግጠህ አታውቅም። ግራሶ በነካው እጄ ሸራውን ነክቼው ነው፣ አባቴን ያሰናከልኩት እኔ ነኝ ትላለህ። ይህን ከአፍህ ሰምቻለሁ።

አሁን ሸራውን ልቀይር ወደተነሳሁበት ቅዳሜ ልመለስ። አባባ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የኮካ ቅጠላቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ወትፈው ያዩኝ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድኩ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን አላላሁ፤ ኢላሪያ ቀድመሽ ካነሳሻት ጎማው አብሮሽ ይዞራል ብላኛለች። ከዚያ በክሪክ አነሳኋት፣ ክሪኩን ስለማላምነው ከሥሯ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አስገባሁ። «ቀስ በይ፣ ቀሚስሽን ትነክሰዋለች» ይላሉ አባባ። ጎማው ሲወጣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። ይህን ያህል ዓመት የተቀመጥንባት መኪና፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት የተሸከመች መኪና፣ የሚያቆማት ይኸው ነው? አንድ የሚያብለጨልጭ ሰሃንና እሱን ከሁለት ጎን ቆንጠጥ የሚያደርጉ፣ መዳፌን የማያህሉ ሁለት ሸራዎች? አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ይህቺ ናት?» አሉ። አላመኑኝም። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ ፔዳሉን እየረገጥኩ እየወረድኩ ነው ያረጋገጥኩት፤ እንዲያ አይደረግም አለችኝ ኢላሪያ በኋላ፣ ሸራው ሲወጣ ፔዳል ቢረገጥ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበር። ደግነቱ ገና አልፈታሁትም ነበር።

ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ሸራዎቹን ያቀፈውን ብረት አወጣሁት። የዘይቱ ቱቦ እንዳይሳብ በቀሚስ ጥብጣብ አስሬ አንጠለጠልኩት፤ ሮዝ ጥብጣብ ነው፣ አምሮበት ነበር። አሮጌው ሸራ ብስኩት ያህል ሳስቷል፤ የውስጠኛው ደግሞ ከውጪኛው ይበልጥ አልቋል። ለምን ይሆን? ይህን አንተ ታውቃለህ፣ ስትጽፍልኝ አስረዳኝ። ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ስገፋው ከላይ ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ከፍ አለ። እዚህ ታች የገፋሁት እዚያ ላይ ይታያል፤ እግሬ እዚያ የረገጠው ደግሞ እዚህ ይይዛል። ሳላውቀው ብሞት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። ግራሶ የሚቀባው ጀርባው ብቻ ነው፣ ፊቱን በላበው እጅ እንኳ አትንኪው ብላ ኢላሪያ ስላስጠነቀቀችኝ፣ የሁለቱን የፊት ጎማ አራት አዲስ ሸራዎች ንጹሕ ጆንያ ላይ ደርድሬ እጄን ልታጠብና ሾርባውን ላወጣ ገባሁ።

የአባባን ሾርባ በሳህን ይዤ ስወጣ ጆንያው አጠገብ በርከክ ብለው አየኋቸው። ያንን እግር አጥፈው መንበርከክ እንደሚያማቸው አውቃለሁ። በእጃቸው የላማ ሞራ ይዘዋል፤ ወሩ ነሐሴ ስለሆነ ለእናት ምድር የምናጨሰውን ያንኑ ሞራ። ሦስቱን ሸራዎች ፊታቸውን ቀብተው ጨርሰው አራተኛውን አንስተዋል። እየቀቡም የመንገዱን ስም ይጠራሉ፣ የኔን ስም ይጠራሉ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ሾርባው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ያስጮህሻል? ለመንገድ ነው» አሉኝ። «አዲስ ነገር ሳይባረክ መንገድ አይወጣም። ያኔ ወንድምሽ ከነኔሊ ጋር የወንጌላውያኑን ጸሎት ቤት ጀምሮ፣ መኪናዋ ላይ ቢራም አበባም እንዳይነካት ብሎ ከለከለኝ። እኔም ምሳ ሲገባ ጠብቄ ቀባሁለት። ግን እንዳያይብኝ ፈርቼ ትንሽ ነው የቀባሁት፣ እሱንም በጨርቅ ጠረግኩት። ሰሰትኩ። መስሰቴ ነው ያስቀጣን። ዛሬ ግን አላሳነስኩም፤ ይኸው፣ በደንብ ነው የቀባሁት።»

የተፈታው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። አስራ አንድ ዓመት አባባ ትንሽ ቀባሁ ብለው ሲጸጸቱ ኖረዋል ወንድሜ። አንተ እዚያ እጄ ነው ትላለህ፣ እሳቸው እዚህ ሞራው አነሰ ይላሉ። በጣም ተናደድኩባቸው። ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ። እውነቱን ልንገርህና ከሁለቱ ቀጥሎ ደስ አለኝ፣ ያንተ እጅ ስላልነበረ ደስ አለኝ።

ዝም ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሸራዎቹን ደብቄ ሌላ ገዝቼ ብገጥም ማን ያውቃል? ግን እሳቸውን ላሳርፍ ብዬ አንተን እንዳለህ ልተውህ ነው? ደግሞም ታውቀኛለህ፣ አንድ ነገር ካየሁ ሳልሞክረው አይለቀኝም። ያልተቀባውን አራተኛውን ሸራ አንስቼ ዲስኩ ላይ በመዳፌ ጫን አድርጌ ያዝኩና «አባባ፣ ዲስኩን ያዟሩት» አልኳቸው። ታገሉት፣ እንቢ አለ። ከዚያ የተቀባውን ያዝኩ። «አሁንስ?» አልኳቸው። ዲስኩ በአንድ ጣታቸው ዞረ።

ያልተቀባውን ደግመን ሞከርን። የተቀባውንም ደገምን። በሦስተኛው ሞራው የያዘውን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት፣ ደጋግመው ጠረጉት። «እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ፍሬኑን በሁለት እግሩ ነበር የረገጠው። ላቡ በፊቱ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ርገጠው፣ አንተ ደካማ፣ ርገጠው እያልኩ እሰድበው ነበር» አሉኝ። ይህን ስድብ አንተ ነግረኸኝ አታውቅም።

«ለምንድን ነው የማይመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። እርስዎን ያሰናከለ እሱ ስለመሰለው ነው፣ እጄ ነው ስለሚል ነው አልኳቸው። «እኔ እኮ ሽባ አባት ማየት አስጠልቶት ነው የሚመስለኝ» አሉ። ወንድሜ፣ ዝም ያሉህ በቁጣ አልነበረም። ስልኩን ስሰጣቸው «ደህና ነህ? በል ደህና» ብለው የሚመልሱልኝ ለዚህ ነበር። ሁለታችሁም እንደተጣሉ በቅሎዎች ፊታችሁን አዙራችሁ ይህን ሁሉ ዓመት ቆማችኋል።

ሞራው የገባበት ሸራ አይታጠብም፤ ስለዚህ ሰኞን ሳልጠብቅ ኢላሪያ ዘንድ ተመለስኩ። ሦስቱን አሽትታ «ጠብሰሽ ልትበያቸው ነበር?» አለችኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፣ የቤታችን ነው። አዲሶቹን ገጥሜ ስጨርስ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉ እስኪደርቅ መረገጥ አለበት ስላቸው አባባ እኔ ልርገጥ አሉ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው በደህናው እግራቸው ረገጡ፣ ረገጡ፣ እስኪደርቅ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ሞከርነው። ፍሬን ያዝኩ፣ ቆመች። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «አሁንም ድገሚው» አሉ። ስድስት ጊዜ ነው ያስደገሙኝ። የተረፈውን ሞራ ግቢው ጥግ ፍም ላይ አድርገው አጨሱት፣ ምድር ላይ፣ በቦታው። ለመኪናዋ አንድ አበባ ብቻ አሰሩላት።

እስከዚህ የጻፍኩት እሁድ ከገበያ ስመለስ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት የነጻነት በዓል ሰልፍ ነበር፣ ከበሮው ጆሮዬን ሲያደነቁረው ውሎ ነው ቤት የገባሁት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። የሰደቡህን ስድብ ሳነብ አላስቆሙኝም። ያስቆሙኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያደረጉት ስለሚወዱህ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። «እሷን ሰርዣት» አሉኝ። ለምን፣ ውሸት ነው እንዴ ብላቸው «ውሸት አይደለም። ግን እሱ ካለው ይበለው፤ አንቺ ጠበቃ አትሁኝልኝ» አሉ። ከላይ ቀለም የተድበሰበሰበት መስመር እሱ ነው፣ ቡና ደፍቼበት እንዳይመስልህ።

ደብዳቤውን ነገ በአውቶቡስ ወደ እናንተ ለምትነሳው ለአክስታችን ልጅ ለዊልማ ልሰጣት ነበር። ይህን ስነግራቸው አባባ ኮፍያቸውን አደረጉና «ከሷ ጎን ያለው ወንበር ተይዟል?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ቀን ተኩል መንገድ ነው፣ ያ እግር አይችልም አልኳቸው። «እግሩ የኔ ነው» አሉኝ። ትኬቱን ይዤ የተመለስኩት አሁን ነው።

ለኔሊ ከጉንጭ ጉንጭ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በነጭ ጨርቅ የታሰረው የደረቀ ድንች ለሷ ነው፣ እንዳታካፍልህ ንገራት። ለብሬንዳ የሰፋሁላትን ቀሚስ ከጠበባት ጎኑን ትፍታው፣ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ። ለኤድሰን አሮጌውን የፍሬን ሸራ ልኬለታለሁ፤ መኪና ወዳድ ነው ብላችሁኛል፣ በእጁ ይያዘውና ይህን የምታህል ነገር ምን እንደምታቆም ንገረው። ለዶኛ ባሲሊያ ጤናቸውን እመኛለሁ፣ እጃቸውንም ስመህልኝ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለውሃል።

የአባባን ሰላምታ እዚህ ላይ አልጻፍኩትም፤ ራሳቸው ይዘውት መጥተዋል። ይህን ወረቀት በእጅህ ያስጨበጡህ እሳቸው ናቸው። አንብበህ እስክትጨርስ ደጃፍህ ላይ ቆመው ይጠብቁሃል፣ ይቀመጡ ሳትላቸው አይቀመጡም። በል ወረቀቱን አስቀምጠው፣ ወንድሜ።

እህትህ ካሲሚራ
ኤል አልቶ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.